ደንገሉን ለሸማኔዎቹ ተውላቸው

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰላም ለናንተ ይሁን፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ባለፈው በአንባቢያን ገጻችሁ ላይ አንድ ወጣት ባሕር ዳር ውስጥ እኮ ቢራ ከመጠጣትና ባጃጅ ይዞ ከመዞር ውጪ መዝናኛ ሚባል ነገር የለም ብሎ የጻፈውን አነበብኩ። መጀመሪያ ሳቅኩ፣ ከዛ ትንሽ ተናደድኩ፣ ከዛ ደሞ ሳስበው እኔ ራሴ እስከ ዛሬ ስድስት ዓመት ድረስ ቃል በቃል እንደሱ ነበር ማወራው፣ ስለዚህ ልቆጣው አልችልም። ብቻ መልስ መስጠት አለብኝ ብዬ ብዕር አነሳሁ፣ ብዕር ስል ስልክ ነው፣ ልጄ የአማርኛ ኪቦርድ ጭኖልኝ በአንድ ጣት እየነካካሁ ነው ምጽፈው፣ ፊደል ብገድፍ አርማችሁ አውጡልኝ።

እኔ የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ጡረተኛ ነኝ። ያ ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ በ1953 ዓ.ም. የተቋቋመው ፋብሪካ ማለት ነው። ክፍሌ ሽመና ነበር። ሰላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የተበጠሰ ድር ስቀጥል፣ ያለቀ ማግ ስቀይር ኖሬ ግራ ጆሮዬ እስካሁን በደንብ አይሰማም። አባይ ከኛ ብዙም አይርቅም ነበር፣ ግን በፈረቃ ገብቶ በፈረቃ ሚወጣ ሰው ወንዝ አያይም፣ አልጋውን ነው ሚያየው። ጣናንም ማየው ሰርግ ሲኖር፣ ሙሽሮቹ ፎቶ ሲነሱ ነበር። ከዛ ጡረታ ወጣሁ፣ ብዙም ሳልቆይ ስኳር አለብህ ተባልኩ። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፣ "ጋሼ መድኃኒቱን ባግባቡ ይውሰዱ፣ በቀን ደሞ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይራመዱ" አለችኝ። የት ልራመድ? የኛ ሰፈር መንገድ ክረምት ጭቃ በጋ አቧራ ነው፣ ወደ ሐይቁ ወረድኩ በቃ። ነገሩ የጀመረው ከፍቅር አይደለም፣ ከስኳር ነው።

የመጀመሪያ ሰሞን አንገቴን ደፍቼ ሰዓቴን እያየሁ ነበር ምራመደው፣ ግማሽ ሰዓት ሲሞላ ወደ ቤት። አንድ ቀን ጠዋት ግን ዓሣ አስጋሪዎቹ ያመጡትን ቆሮሶና አምባዛ እያራገፉ ሆድ ዕቃውን ሚጥሉበት ቦታ ጋ ስደርስ ፔሊካኖቹ ተሰብስበዋል፣ ያ ከመንቁሩ ስር ከረጢት ያለው ነጩ ትልቁ ወፍ። አንዱ ክንፉን ሲዘረጋው ከሁለት ሜትር በላይ ሆነና በአጠገቤ አለፈ፣ ነፋሱ ፊቴን መታኝ። ከኋላቸው ደሞ አባ ኮዳዎቹ ቆመዋል፣ ራሳቸው የተመለጠ፣ ክንፋቸውን ልክ እጁን ወደ ኋላ እንዳደረገ ሰው አጥፈው፣ ምንም ሳይሠሩ የሰው ሥራ እያዩ። እኔም እጄን ወደ ኋላ አድርጌ ቆሜ ነበር። ጡረተኛ ከጡረተኛ ጋር ተገናኘን ብዬ ብቻዬን ሳቅኩ። ከዛን ቀን ጀምሮ ግማሽ ሰዓት ሚባለው ነገር ቀረ፣ አንዳንዴ ሁለት ሰዓት ይሆናል፣ ባለቤቴ ደውላ ቁርስህ ቀዘቀዘ እስክትለኝ።

ቅዳሜና እሁድ የልጅ ልጄ ትመጣለች፣ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እሷ ደሞ ጥያቄ አያልቅባትም። "አባዬ ያ ምንድነው?" ወፍ ነው። "አባዬ ይሄኛውስ?" እሱም ወፍ ነው። "ሁሉም ወፍ ነው እንዴ ስማቸው?" አለችኝና አፈርኩ። እውነት ለመናገር ስድሳ ምናምን ዓመት ጣና ዳር ኖሬ እርግብ፣ ቁራ፣ ጭልፊት፣ ዳክዬ ካልኩ በኋላ የቀረው ሁሉ ለኔ በደፈናው ወፍ ነበር። ፈረንጁ ከስንት አገር አቋርጦ ባይኖኩላር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይመጣል፣ ስማቸውን በየተራ ይጠራል፣ እኛ አጠገባቸው ተኝተን እንነሳለን አናውቃቸውም። በቃ የራሳችንን ስም ማውጣት ጀመርን። ያ ትንሹ ጥቁርና ነጭ ዓሣ አጥማጅ አለ አይደል፣ አየር ላይ አንድ ቦታ ቆሞ ክንፉን እያርገበገበ ወደ ታች ያያል ከዛ እንደ ድንጋይ ውሃው ውስጥ ይወድቃል፣ ትንሽዬ ዓሣ ይዞ ይወጣና እንጨት ላይ እየደበደበ ይውጣል፣ እሱን ሄሊኮፕተር አለችው። ጥቁሩ ረጅም አንገት፣ ጠልቆ ዓሣ ሚያሳድደው፣ ላባው ውሃ ስለሚያስገባ ከወጣ በኋላ ድንጋይ ላይ ቆሞ ክንፉን ዘርግቶ ፀሐይ ይሞቃል፣ እሱ ልብስ አስጪው ነው። ጣቶቹ ረጃጅም ሆነው ውሃ ላይ በተንሳፈፈ ቅጠል ሳይሰጥም ሚራመደውን ቡናማውን ደሞ እግረ ሹካ አልነው። አንድ አስጎብኚ ልጅ ሲነግረን የሱ ነገር ጉድ ነው፣ እንቁላሉን ሚታቀፈውም ጫጩቶቹን ሚያሳድገውም አባትየው ነው፣ ሲፈራ ልጆቹን ክንፉ ስር ሸጉጦ እግራቸው ብቻ ተንጠልጥሎ እየታየ ይሮጣል። ይሄን ለባለቤቴ ስነግራት "ተማር" ነው ያለችኝ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ ሸማኔዎቹ። ከሰኔ ጀምሮ ዝናቡ ሲገባ ቢጫ ሆነው ፊታቸው ጥቁር የሆነ ድንቢጥ ሚያካክሉ ወፎች ደንገሉ ላይ፣ ያ ውሃ ዳር ሚበቅለው ረጅሙ ተክል ማለቴ ነው፣ እና ወደ ውሃው ባዘነበለ የሾላ ቅርንጫፍ ላይ ይሰፍራሉ፣ ጫጫታቸው ሌላ ነው። ፈረንጁም በመጽሐፉ ሸማኔ ወፍ ነው ሚላቸው። እኔ ደሞ ሸማኔ ነኝ፣ ሙያዬን ነው ማየው ስለዚህ ዝም ብዬ አላልፍም። ወንዱ የደንገል ወይ የዘንባባ ቅጠል ጫፉን ነከስ አድርጎ ይበርራል፣ ቅጠሉ በቁመቱ ተሰንጥቆ ረጅም ክር ሆኖ ይወጣለታል፣ ይሄ ድሩ ነው። ይዞ መጥቶ አንዱን ጫፍ በእግሩ ይረግጣል ሌላውን በመንቁሩ አዙሮ ይቋጥራል። ቋጠሮ ነው ምላችሁ፣ እውነተኛ ቋጠሮ! መጀመሪያ ቀለበት ይሠራል፣ እዛ ቀለበት ላይ ቆሞ ፊት ለፊቱን ከዛ ጀርባውን አንዱን ከላይ አንዱን ከታች እያሾለከ ይሸምናል፣ በሩ ወደ ታች ነው፣ እባብ እንዳይገባ መሰለኝ። እኛ ጋ ይሄን ለመሥራት ማሽን፣ መብራት፣ መካኒክ፣ የፈረቃ ኃላፊ ያስፈልግ ነበር፣ ያም ሆኖ ድሩ ይበጠሳል።

ሥራው ሲያልቅ ደሞ ጥራት ቁጥጥር አለ። ወንዱ በሩ ላይ ቁልቁል ተንጠልጥሎ ክንፉን እያርገበገበ ይጮሃል፣ ሴቷ ትመጣለች፣ ትገባለች፣ ውስጡን ትጎትታለች፣ ካልወደደችው ጥላው ትሄዳለች። አረንጓዴው ደርቆ ቡናማ ከሆነ ማንም ዞር ብሎ አያየውም፣ እሱ ራሱ ክር በክር ይፈታውና እዛው ቦታ እንደ አዲስ ይጀምራል። አንዱን ወንድ በሦስት ሳምንት ውስጥ ሁለቴ ሲፈታ አይቼዋለሁ፣ አዘንኩለት፣ ግን ሽመናው ልቅ ነበር፣ እኔም ብሆን አላሳልፈውም።

ይሄ ሁሉ ለማየት ስንት ከፈልኩ? ምንም። ለወጣቱ መልሴ ይሄ ነው። ማንጎ ፓርክ ጠዋት ሰው ሳይበዛ ግባ፣ ከአንድ ሰዓት በፊት። ጎህ ሲቀድ ዓሣ አዳኙ ንስር ከዛፍ ጫፍ ላይ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ጥሎ ሲጮህ ትሰማዋለህ፣ ራሱና ደረቱ ነጭ ነው፣ ወንድና ሴት እየተቀባበሉ ነው ሚጮሁት። ከመስከረም በኋላ ሣሩ ላይ ጭራቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ ሚሮጡትን ትንንሽ ወፎች እያቸው፣ ከአውሮፓ ብርዱን ሸሽተው የመጡ ናቸው፣ ቪዛ የለ ምን የለ። ድንጋዩ ላይ አርጃኖ ተኝቶ ካየህ አትደንግጥ፣ ካልነካኸው ቀድሞ ውሃ ውስጥ ሚገባው እሱ ነው። ጦጣዎቹን ግን ምግብ አትስጥ፣ አንዴ ከለመዱ ቦርሳህን ነው ሚፈትሹት፣ የኔን የስኳር ብስኩት ወስደውብኛል። አባይ ከሐይቁ ሚወጣበት ጋ በጀልባ ብትሄድ ጉማሬ ታያለህ፣ ጆሮና አፍንጫ ብቻ ነው ውሃው ላይ፣ ጀልባ ነጂው ሞተሩን አጥፍቶ ራቅ ብሎ ካልቆመ ሌላ ነጂ ፈልግ። ጉማሬ ሲመሽ ሣር ሊግጥ ይወጣል፣ በሱና በውሃው መሀል መግባት ማለት ሞት መጥራት ነው፣ ታንኳ ላይ ያሉ አስጋሪዎች ሚፈሩት ከማዕበል ይልቅ እሱን ነው። ሰው ሁሉ በ2016 ግንቦት የተመረቀውን አዲሱን የአባይ ድልድይ ሊያይ ይሄዳል፣ ሴልፊ ይነሳል ይመለሳል፣ ጥሩ ነው ያምራል፣ ግን እስቲ አንዴ ፊትህን ከስልኩ አንሳና ወደ ታች ወደ ዳርቻው እይ።

ገንዘብ ካለህ ደሞ ዘጌ። በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ገዳማቱን ሰው ሁሉ ያወራላቸዋል እኔ ስለ ጫካው ነው ምነግርህ፣ ቡናው ከትላልቅ ዛፍ ስር ነው፣ ጥላው ሌላ አየር ነው፣ ከዛፍ ዛፍ ሲዘሉ ክንፋቸው ቀይ ሚያበራ ወፎች አሉ። ይሄ ጫካ እስካሁን የቆየው በአጋጣሚ አይደለም፣ አቡነ በትረ ማርያም ዘጌ ላይ እንዳይታረስ ከብትም እንዳይረባ አዘዋል ሚባል ትውፊት አለ፣ ሕዝቡም በበሬ አያርስም፣ ቡና ጌሾና ፍራፍሬ ነው ሚተዳደርበት። አንድ አትንኩ ሚል ቃል ስንት ትውልድ እንዳቆየው ቁጠሩት።

ይሄን ያልኩት አለምክንያት አይደለም። ባለፈው ሐምሌ እኔና የልጅ ልጄ ዓመቱን ሙሉ ስንጠብቃቸው የከረምናቸው ሸማኔዎች ጋ ስንሄድ ሦስት ልጆች ገጀራ ይዘው ደንገሉን እየጨፈጨፉ ነው። አጠገቡ አንድ ላውንጅ አለ ስሙን አልጠራም፣ ጠረጴዛ እስከ ውሃው ሊዘረጉ ነው። ምን እያደረጋችሁ ነው ብዬ ስጠይቅ አንዱ በትህትና "አባቴ ቪው ይከለክላል ብለውን ነው" አለኝ። ቪው! ልጁ ምን ያድርግ፣ የቀን ሠራተኛ ነው። ጎጆዎቹ እንደተንጠለጠሉ ጭቃው ላይ ወድቀዋል፣ አንዳንዱ ውስጥ እንቁላል ነበረው፣ ወፎቹ ከላይ እየዞሩ ይጮሃሉ። የልጅ ልጄ አላለቀሰችም፣ ያ ነው ይበልጥ የከበደኝ፣ ዝም ብላ አንዱን ባዶውን ጎጆ አንስታ ያዘች። ያ ጎጆ አሁን ቤታችን ቴሌቪዥን አጠገብ አለ። አንድ ማታ ከየት እንደጀመረው ልወቅ ብዬ ክሩን ለመከተል ሞክሬ ነበር፣ መነጽሬን አድርጌ፣ አልቻልኩም፣ ጫፉን ሸሽጎታል።

የላውንጁን ኃላፊ ሄጄ አናገርኩት። ሰውዬው ክፉ አይደለም፣ ሻይ ጋበዘኝ፣ ያለ ስኳር። "ጋሼ እኛ እኮ እያጸዳን ነው፣ እንቦጭም እኮ ይነቀላል" አለኝ። እዚህ ጋ ነው ነገሩ የተደበላለቀው፣ በሱ ብቻ አይደለም በብዙ ሰው። እንቦጭ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ መጤ አረም ነው፣ ሐምራዊ አበባ ያወጣል፣ ውሃው ላይ እየተንሳፈፈ ምንጣፍ ይሆናል፣ ከስሩ ብርሃንና አየር ይከለክላል፣ በተለይ በደንቢያና በፎገራ በኩል ገበሬውንም አስጋሪውንም አስለቅሷል፣ ከ10 ዓመት በላይ ሰው በእጁ እየነቀለው ነው፣ ይነቀል። ደንገል ግን የጣና ልጅ ነው። ሥሩ ጭቃውን ይይዛል፣ ከከተማ ሚመጣውን ቆሻሻ ጎርፍ ያጣራል፣ የዓሣ ጫጩት ሚደበቀው እሱ ውስጥ ነው፣ የጣና ዳር ነዋሪዎቹ ነገደ ወይጦዎች ታንኳ ሚሠሩት ከሱ ነው። ታንኳው ራሱ በጥቂት ወር ውሃ ጠጥቶ ይከብዳልና ሌላ ይሠራል፣ ስለዚህ ደንገል ከሌለ ታንኳ የለም። ቆሮሶ ጥብስ እየሸጡ ቆሮሶ ሚያድግበትን መቁረጥ ምን ሚሉት ንግድ ነው አልኩት፣ እሱን እንኳን አላሰብነውም አለኝ። አምነዋለሁ፣ አላሰቡትም። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል ስለው ደሞ "እሱ ሐይቁ ነው እንጂ ዳርቻው አይደለም" ብሎ መለሰልኝ። ታዲያ ሐይቅ ያለ ዳርቻ ምን ይባላል? ውሃ ማጠራቀሚያ።

ማልማቱን አልቃወምም፣ ይሄን ልብ በሉልኝ። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራት ገብቷል፣ መቀመጫ ተሠርቷል፣ ማታ ማታ ቤተሰብ ይዞ መራመድ ተችሏል፣ እግዜር ይስጥልን። እኔን ሚያሳስበኝ ውበት ሲባል ሁሌ ታይልስና ተከርክሞ የተስተካከለ ሣር ብቻ መሆኑ ነው። ሣሩ ላይ ሁለት ዓይነት ወፍ ነው ማየው፣ የተዝረከረከው ጥግ ላይ ግን አንድ ጠዋት ሃያ ሦስት ዓይነት ቆጥረናል፣ የልጅ ልጄ ደብተር ላይ አለ። በየመናፈሻው ቢያንስ አንድ ጥግ ገጀራ ማይደርስበት ይሁን፣ ደንገሉና ሾላው እንዳለ ይተው፣ ከፈለጋችሁ በእንጨት ድልድይ መሀሉን አሳልፉትና ሰው ቆሞ ይይ፣ ያኔ ቪው ማለት እሱ ነው። ላውንጆቹም ቢሆኑ ውሃው ድረስ አጥር ይዘው ሲወርዱ እግረኛው ዞሮ አስፓልት ላይ ይወጣል፣ ቡና ያላዘዘ ሰው ሐይቅ አያይም ማለት ነው? ስፒከሩን ደሞ ተውት፣ በተለይ እሁድ፣ ከአራቱም ላውንጅ አራት ዘፈን እኩል ሲለቀቅ በደህናው ጆሮዬም መስማት ያቅተኛል፣ የንስሩ ድምፅ የት ይሰማ።

እና ደሞ ስም ይለጠፍልን። ዛፎቹ ላይ ዋርካ፣ ሾላ፣ ዋንዛ፣ ወይራ ተብሎ ትንሽ ሰሌዳ ቢደረግ፣ ወፎቹም ሥዕላቸው ከነስማቸው በአማርኛ ቢቆም ስንት ያስወጣል? ለአንድ ቅዳሜ ማታ ርችት ከሚወጣው አይበልጥም ብዬ ነው ማስበው፣ ልሳሳት እችላለሁ፣ የሒሳብ ሰው አይደለሁም።

ዘንድሮ ሰኔ ላይ ሄደን አየን። የተቆረጠው ቦታ ጠረጴዛ ተዘርግቶበታል፣ ከጠረጴዛዎቹ ጎን ግን አንድ ክንድ ምታህል ደንገል ከሥሩ አቆጥቁጣለች፣ እሷ ላይ አንድ ወንድ ሸማኔ ብቻውን ቀለበት ጀምሯል። ደንገሏ ገና ቀጭን ናት፣ ነፋስ ሲመጣ ከነ ሥራው ውሃው ድረስ ታጎነብሳለች። የልጅ ልጄ ለአስተናጋጇ "እባክሽ ይቺን እንዳይቆርጧት ንገሪልን" አለቻት፣ አስተናጋጇም እሺ አለች፣ እስከ ባለፈው ቅዳሜ ድረስ ቃሏን ጠብቃለች።

ወጣቱ ይሄን ካነበበ ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ እዛው ነን፣ ኮፍያ ያደረገ ሽማግሌና ደብተር የያዘች ልጅ ካየህ እኛ ነን፣ ቡና የለንም ዳቦ ግን አናጣም። የልጅ ልጄ ደሞ ለአዘጋጁ ንገርልኝ ያለችኝ አለ፦ እግረ ሹካን የፈረንጁ መጽሐፍ ጃካና ይለዋል፣ እሷ ግን ታንኳ ሚቀዝፉት አባቶች ሚጠሩበት ስም ነው ምትፈልገው፣ ከአንባቢዎቻችሁ ሚያውቅ ካለ ይጻፍልን፣ ደብተሯ ላይ ቦታውን ክፍት ትታዋለች።

አክባሪያችሁ
የሽመና ክፍል ጡረተኛው፣ ከባሕር ዳር